የታይፕራይተር ኢፌክት ምንድን ነው?

የታይፕራይተር ኢፌክት ማለት በድረ ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ከመታየት ይልቅ፣ አንድ ሰው በጽሕፈት መኪና እየመታው ያለ ይመስል ፊደል በፊደል የሚወጣበት አቀራረብ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ፊደል አጠገብ ብልጭ ድርግም የምትል ቀጥ ያለች መስመር ትታያለች፤ ይህች ግን ከኮምፒውተር የተወሰደች ናት እንጂ የጥንቱ የጽሕፈት መኪና እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም።

በጅማ ለሚገኝ አንድ የቡና መሸጫ ገጽ እንሠራለን እንበል። የከተማዋ ደንበኞች በሁለቱም ቋንቋ ስለሚያነቡ ከላይ አንድ የአቀባበል መስመር በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ከሥሩ ደግሞ «እንኳን ወደ ጅማ በደህና መጡ» የሚለው በአማርኛ ይቀመጣል። ሁለቱንም በታይፕራይተር ኢፌክት ለማውጣት ስንሞክር፣ ይህ አሠራር በመጀመሪያ የታሰበው ለላቲን ፊደል መሆኑ ወዲያው ይገለጥልናል።

በብዛት የሚታወቀው ዘዴ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ አይፈልግም፤ የገጽን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ብቻ ይሠራል። ጽሑፉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና የሳጥኑ ስፋት ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ሙሉ ርዝመቱ ያድጋል፤ ከሳጥኑ የተረፈው ይደበቃል፤ መስመሩም እንዳይታጠፍ ይከለከላል። ዕድገቱ እንደ ውኃ የሚፈስ ሳይሆን «ስቴፕስ» በሚባለው ትእዛዝ በፊደላቱ ቁጥር ልክ እየዘለለ የሚሄድ ነው፤ የሳጥኑ የቀኝ ጠርዝ ደግሞ ቀለም ተሰጥቶት ጠቋሚ መስመር ይሆናል። ስፋቱ የሚለካው «ሲኤች» በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ሲኤች የዜሮ ቁጥርን ወርድ ያህላል። ስለዚህ ዘዴው የሚሠምረው ሁሉም ፊደል እኩል ወርድ ባለው፣ ሞኖስፔስ በሚባለው የፊደል ዓይነት ሲጻፍ ነው። የጥንቱ መኪናም ከ«አይ» እስከ «ደብሊው» ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ርምጃ ይሄድ ስለነበር፣ ለቁቤው መስመር ይህ ልክክ ብሎ ይገጥማል።

የአማርኛው መስመር ግን ይበላሻል። በተለመዱት የሞኖስፔስ ፊደል ዓይነቶች ውስጥ የግእዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገኝ፣ አሳሹ (ብራውዘሩ) ከሌላ የፊደል ዓይነት ይዋሳል፤ በዚያም «ጡ» እና «ን» እኩል ቦታ አይዙም። ሳጥኑ በዜሮ ወርድ እየዘለለ ሲሰፋ «ኳ» ግማሹ ታይቶ ግማሹ ተቆርጦ ይቆማል፤ መጨረሻ ላይም «መጡ» ሙሉ በሙሉ ላይታይ ይችላል።

ለአማርኛ የሚበጀው ወርድን መለካት ትቶ ፊደልን መቁጠር ነው። በጃቫስክሪፕት ሙሉው ዓረፍተ ነገር ይያዝና በተወሰነ ጊዜ ልዩነት መጀመሪያ አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት እየተደረገ ይታያል። እዚህ ላይ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ይረዳናል፤ የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው በጃቫስክሪፕት አቆጣጠር አንድ ቦታ ብቻ ስለሚይዙ፣ እንደ ብዙዎቹ ኢሞጂዎች በመካከል ተሰብረው እንግዳ ምልክት አይሆኑም።

ፍጥነቱም ሊታሰብበት ይገባል። የአማርኛው ሰላምታ ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ 18 ፊደል ሲሆን፣ የአፋን ኦሮሞው «ባጋ ናጋን ጋራ ጂማ ዹፍተን» በቁቤ ሲጻፍ 31 ይሆናል። ለእያንዳንዱ 120 ሚሊ ሰከንድ ብንሰጥ ቁቤው 3.7 ሰከንድ ያህል ሲወስድ አማርኛው በ2.2 ሰከንድ ግድም ያልቃል። ሁለቱ እኩል እንዲጨርሱ ከተፈለገ ለአማርኛው ፊደል ወደ 207 ሚሊ ሰከንድ መስጠት ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ይህ ዝግታ ያምርበታል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚወጣ ዓይን ጥቂት ሊያርፍበት ይገባል።

እንዲያውም የእውነተኛውን የአማርኛ ታይፕ ምት መምሰል የሚሻ ሰው ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። ፊደላችንን ከመኪናው ጋር ለማስማማት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ዋናው ችግር የፊደሉ ብዛት ነበር። በአማርኛ መኪናዎች ላይ ብዙ ፊደላት በሁለት ምት ይሠሩ ነበር፤ መጀመሪያ ዋናው ቅርጽ ይመታል፣ ከዚያ የአናባቢው ጭረት ይቀጠልበታል። ዛሬም በብዙ ኪቦርዶች ስንጽፍ «ም» ወጥታ ወደ «መ» ትለወጣለች። ኢፌክቱን በዚህ መልክ ማሠራት የሚቻል ቢሆንም፣ ከርእስ ላለፈ ጽሑፍ አድካሚ ነው።

ረዘም ያለ ጽሑፍ ሌላ ጣጣም አለው። በስልክ ላይ ቃሉ በመስመር ዳር ተጀምሮ ቦታ ሲያንሰው በመካከሉ ወደ ታች ይዘላል፤ በመስመሩ ቁጥር መጨመርም ከሥሩ ያለው የቡና ፎቶግራፍ ይገፋል። መፍትሔው ጽሑፉን ከመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ አስቀምጦ ቦታውን ማስያዝና ፊደላቱን ብቻ ከስውርነት አንድ በአንድ መግለጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉ በራሱ በኤችቲኤምኤሉ፣ ማለትም የገጹ ይዘት በተጻፈበት ፋይል ውስጥ ስለሚኖር፣ ስውር የሚያደርጋቸው ጃቫስክሪፕቱ ራሱ እስከሆነ ድረስ፣ ኔትወርክ ተቆራርጦ ስክሪፕቱ ባይደርስም ሰላምታው ይነበባል። ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌር ፊደላቱን እየቆራረጠ እንዳይጠራ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይሰጠዋል፤ በስልኩ ላይ እንቅስቃሴ እንዲቀነስለት ለመረጠ ሰው ደግሞ ኢፌክቱ ጨርሶ ይቀርና ጽሑፉ ወዲያው ይታያል። የቡናው ዋጋና የመሸጫው ስልክ ቁጥር ግን ለማንም ቢሆን በዚህ መንገድ መውጣት የለባቸውም፤ እነርሱን ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ፊደል ሲለቀም ቆሞ አይጠብቅም።