«መሬት የመንግሥት ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

ደሴ ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ፣ ጠበቃ መሆኔን አውቆ ሕግ የሚያስተምረኝ ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን ወሬው ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ስለሚሠራው፣ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ስለተባለው አየር ማረፊያ ነው። ገበሬዎች ይነሳሉ ሲባል ፍርድ ወዲያው ይሰጣል።

«ገበሬ ልማት ይጠላል።» የጃፓኑ የናሪታ አየር ማረፊያ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመረጥ የሳንሪዙካ ገበሬዎች እምቢ አሉ፤ የተከፈተው በ1978 ነው። ፈረንሳይም ኖትርዳም ዴ ላንድ ላይ ልትሠራ የነበረውን ከብዙ ዓመታት ሙግት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰርዛዋለች። ጃፓንና ፈረንሳይ ልማት አይገባቸውም የሚል ካለ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

«ሥራ ያገኛሉ።» የ60 ዓመት አራሽ የሚቀጥር አየር ማረፊያ እስካሁን አላየሁም።

«ካሳው ያበለጽጋቸዋል።» አንዳንዱን አዎን። ገንዘቡ በባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ ይግባ፤ የወንድም ልጅ የሚያመጣውን የባጃጅ ሐሳብም ቢያንስ ለስድስት ወር አትስሙ።

«መሬት የመንግሥት ነው፤ ገበሬው ምን አገባው?» እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የሚለው «የመንግሥትና የሕዝብ» ነው፤ ተናጋሪው ሁልጊዜ ሁለተኛዋን ቃል ይውጣታል። እዚያው አንቀጽ ላይ ገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው፤ ንብረቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈለዋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሰውን ቀበሌ አዳራሽ ሰብስቦ ያለቀ ውሳኔ ማንበብ መጠየቅ አይባልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ ወጣ ካለ ቀበሌ አንድ አዛውንት ቢሮዬ መጡ። ማሳቸው ለአንድ ፕሮጀክት ተፈልጓል። የእሳቸውና የባለቤታቸው ፎቶ ያለበትን የይዞታ ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል፤ ከውስጡ የግምት ወረቀቱን አወጡልኝ። በሰብል ዓይነት ሥር «ጤፍ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም።

«አባባ፣ በበጋስ ምን ያመርታሉ?»

«ሽንኩርት ነዋ! ከወንዙ እየጠለፍኩ።»

«ለገማቾቹ ነግረዋቸዋል?»

«ወላሂ ልጄ፣ የጠየቀኝ የለም።»

ያኔ ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ምትክ መሬት ሳያገኝ በዘላቂነት ለሚነሳ ባለይዞታ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 ያባዛ ነበር። የቀድሞው አዋጅ 455/1997 የ5 ዓመቱን አማካይ ወስዶ በ10 ነበር የሚያባዛው። እንግዲህ አንድ ሰብል የረሳ ገማች 15 ጊዜ ረስቶታል ማለት ነው። አቤቱታ ለማቅረብ የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ሲሆን ሰውየው የመጡት በ26ኛው ቀን ነው። በቀሩት አራት ቀናት ከመስኖ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ደብዳቤ አስጻፍን፤ ሽንኩርቱን የሚያሻሽጠው ደላላ ደብተርም ተለምኖ መጣ፤ ገጾቹ ዘይት ጠጥተው ነበር፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ግምቱ እንደገና ተሠራ። እኚህ ሰው እኮ በስብሰባ ላይ «የልማት ተቃዋሚ» ተብለው ስማቸው ተጠርቷል! ተቃውሟቸው ሽንኩርት ነበር።

እኛ የደሴ ሰዎች ደግሞ በዚህ ነገር ላይ ስንፈርድ ትንሽ ብናፍር ጥሩ ነው። ከተማችን አየር ማረፊያ የላትም፤ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ነው የምንሳፈረው። ለሌላው ሜዳ መፍረድ ቀላል ነው።

መሬታችሁ ይፈለጋል ከተባላችሁ፣ ዛሬውኑ ማሳችሁን በክረምትም በበጋም ፎቶ አንሱ። ዛፉን፣ ጉድጓዱን፣ የድንጋይ እርከኑን ቁጠሩ። የሽያጭ ወረቀት አትጣሉ። ልኬታ ሲመጣ ሚስትም ትገኝ፤ ባል የረሳውን እሷ ታስታውሳለች፣ ይህንን ከልምዴ ነው የምናገረው። ግምቱን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ የተማረ ልጃችሁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ቅጂ አይሰጥም ካሏችሁ በስልክ ፎቶ አንሱትና ለአቤቱታ ከተሰጣችሁ ጊዜ ስንት ቀን እንደቀረ ያን ቀኑኑ ቁጠሩ።