የፖፕላርን ዝርያ በዲኤንኤ መለየት፦ ማርከር ምን ይነግረናል?

አራት ኪሎ ባዮሎጂ ለምትማሩ፦ ማርከር የግድ ጂን አይደለም። ቦታው የታወቀ፣ ከዝርያ ዝርያ የሚለያይ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ፖፕላር የሚባሉት ዛፎች ዝርያዎቻቸው በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ በአንድ ዛፍ ላይ እንኳ የቅጠሉ ቅርጽ ይለያያል። ስለዚህ በዓይን መፍረድ ያሳስታል።

ግራ የሚያጋባው የክሎሮፕላስት (በቅጠል ሴል ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠራው ክፍል) ዲኤንኤ ነው። በፖፕላር የሚወረሰው በአብዛኛው ከእናት ነው። ዲቃላውን በእሱ ብቻ ከመረመራችሁት የእናቱን ዝርያ ይናገራል፤ አባቱን ይደብቃል። የእኛ ስም «አበበ ከበደ» ሲባል አባትን ነግሮ እናትን እንደሚሰውር ሁሉ፣ ይኼኛው ግልባጩ ነው። ይህን ሳያስተውሉ ዲቃላን ንጹሕ ዝርያ ብሎ መመዝገብ ከባድ ስህተት ነው።

ዲቃላነቱን የሚያጋልጠው ከሁለቱም ወላጆች የሚመጣው የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ነው። እዚያ ማይክሮሳተላይት የሚባሉ፣ እየተደጋገሙ የሚሄዱ አጫጭር ቅደም ተከተሎች አሉ፤ የድግግሞሻቸው ብዛት ይለካል። የአንድ ፖፕላር ሙሉ ጂኖም (የዲኤንኤው ጠቅላላ ቅደም ተከተል)፣ ከዛፎች ሁሉ የመጀመሪያው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ማርከር መምረጡ ቀሏል።