ሳይቆፍሩ ከርሠ ምድርን ማየት

የአክሱም ሀውልት ከሮም የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ መልሶ ለማቆም መጀመሪያ መሬቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዩኔስኮ ያሰማራቸው ባለሙያዎች ቦታውን በጂኦራዳር (የራዲዮ ሞገድ ወደ መሬት በሚልክ መሣሪያ) እና በኤሌክትሪክ ፈተሹት። ከሥር ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታወቀ። የሚገርመው፣ በ1963 የተሠራው የመኪና ማቆሚያ ያረፈው እነሱ ላይ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ መኪና ሲቆምባቸው ኖሯል ማለት ነው።

የጂኦፊዚክስ ቅኝት የሚባለው ይህ ነው። አፈሩ ሳይነካ በውስጡ ያለውን ልዩነት መለካት።

ቀደም ብሎ የተጀመረው በኤሌክትሪክ ነው። አራት የብረት ችካሎች መሬት ላይ ይተከሉና በሁለቱ በኩል ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይለካሉ። የተቀበረ ግንብ ኤሌክትሪኩን ያስቸግረዋል፣ እርጥበት የያዘ አሮጌ ቦይ ግን በቀላሉ ያሳልፈዋል። አርኪዮሎጂስቱ ሪቻርድ አትኪንሰን በእንግሊዝ ዶርቼስተር ኦን ቴምዝ በ1946 ሞክሮት ሠርቶለታል። ውጤቱ ግን ከወቅት ወቅት ይለያያል፤ ክረምት የጠፋ ግንብ በጋ ላይ ሊታይ ይችላል።

ለፍጥነት የመሬቱን ማግኔት የሚለካውን ማግኔቶሜትርን የሚያህል የለም። ሸክላ በኃይለኛ እሳት ተተኩሶ ሲቀዘቅዝ የምድርን ማግኔት ይዞ ይቀራል። የፊዚክስ ባለሙያው ማርቲን ኤይትከን በ1958 በእንግሊዝ ዋተር ኒውተን ላይ የሮማውያንን የሸክላ መተኮሻ ምድጃ የፈለገው በዚህ ነው። መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ቁልፉን፣ ስልኩን፣ ባለብረት ቀበቶውን ሁሉ አውልቆ ነው የሚሄደው። ሱሪው በገመድ ቢታሰር ይሻላል! እንደኛ ደጋ ባዛልት በሞላበት አገር ግን ድንጋዩ ራሱ ማግኔት ስላለው ንባቡን ያበላሸዋል።

ጂኦራዳር ሞገድ ወደ ታች ይልክና ሲመለስ ጊዜውን ይቆጥራል። ከዚያ ጥልቀቱ ይሰላል። እኔን በጣም የሚደንቀኝ ፋለሪ ኖቪ ነው። ከሮም በስተሰሜን ያለ የሮማውያን ከተማ ነው። ራዳሩን በባለአራት ጎማ ሞተር እየጎተቱ 30.5 ሄክታር አዳረሱት። በ2020 በታተመው ካርታ ላይ መታጠቢያ ቤቱ፣ ገበያው፣ ቤተ መቅደሱ፣ የውሃ ቧንቧው ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። አንድም ጉድጓድ ሳይቆፈር! እርጥብ መረሬ ላይ ቢሆን ግን ይህ አይሞከርም። ጭቃው ሞገዱን ይውጠዋል።

ዋናው ችግር ያለው አተረጓጎሙ ላይ ነው። በእንግሊዝ ስቶንሄንጅ ከሚባለው የጥንት የድንጋይ ክብ አጠገብ፣ ደሪንግተን ዎልስ በሚባል ጥንታዊ ቦታ፣ በራዳር 90 ያህል ትላልቅ ድንጋዮች ተቀብረው ተገኙ ተብሎ በ2015 ዓለም ጉድ አለ። በዓመቱ ሲቆፈር ግን አንድም ድንጋይ አልወጣም። የነበሩት የእንጨት ምሰሶ ጉድጓዶች ናቸው። ምሰሶዎቹ በጥንት ጊዜ ተነቅለው ጉድጓዶቹ በነጭ የኖራ ድንጋይ ፍርስራሽ ተደፍነዋል። ራዳሩም ያየው ሙሌቱን ነበር።