የጠፈር ሊፍት ምንድን ነው?

ሀዋሳ ውስጥ ዲሽ የሌለው ጣሪያ ማግኘት ከባድ ነው። ቤተሰብ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲቀይር ባለሙያው ይወጣና ሳህኑን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያዞረዋል። ሲግናሉ ሲገባ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ንፋስ ካላዞረው በቀር ዲሹን የሚነካው የለም። ሳተላይቱ ሌትም ቀንም ሰማይ ላይ እዚያው ቦታ ነዋ።

እዚያው ቦታ ነው ስንል ለእኛ ዓይን ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ይዞራል። በዚያ ከፍታ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ምድርም በራሷ ዛቢያ ላይ አንዴ የምትዞረው በዚሁ ጊዜ ነው። አብረው ስለሚዞሩ የቆመ ይመስለናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችው የአገራችን ሳተላይት ግን ዝቅ ብላ የምትበር ስለነበረች በራሳችን ላይ ሽው ብላ ነበር የምታልፈው።

እንግዲህ ከላያችን የማይነቃነቅ ነገር ካለ፣ ከእሱ ላይ ገመድ ወደ መሬት ብናወርድስ? በገመዱ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያወጣና የሚያወርድ መኪና ብንገጥምስ? የጠፈር ሊፍት ማለት ይኸው ነው።

ለምን ይህን ያህል ይለፋል? ዛሬ ወደ ጠፈር የሚያወጣን ሮኬት ብቻ ነው። ሮኬት ሲነሳ ከክብደቱ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ነዳጅና ነዳጁን የሚያነደው ኦክስጅን ነው። ከነዳጁ አብዛኛው የሚቃጠለው ሌላውን ነዳጅ ለመሸከም ነው። ሊፍት ግን ነዳጁን አይሸከምም። ኃይሉን ከፀሐይ ወይም ከመሬት ከሚላክ ሌዘር ያገኛል። (መብራት ቢጠፋስ? ብሎ ለሚጠይቅ የከተማችን ሰው፣ ፍሬን አለው።)

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1895 የፓሪሱን የኤፍል ማማ አስቦ፣ እስከ ጠፈር የሚደርስ ማማ ቢሠራ ምን ይሆናል ሲል ጻፈ። እንዲህ ያለ ማማ ግን የራሱ ክብደት ከታች ያደቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሌላው ሩሲያዊ መሐንዲስ ዩሪ አርትሱታኖቭ ነገሩን ገለበጠው፦ ከታች አትገንቡ፣ ከላይ አንጠልጥሉ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ጀሮም ፒርሰን ስሌቱን በአንድ የጠፈር ሳይንስ መጽሔት አወጣ። የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ወሬውን የተቀባበሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ገመዱ ለምን አይወድቅም? ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ጠፍሩ የሚወጠረው ድንጋዩ ወደ ውጭ ልሂድ ስለሚል ነው። እዚህም ከ35,786 ኪሎ ሜትር በታች ያለውን የገመድ ክፍል ምድር ወደ ታች ትስበዋለች። ስለዚህ ገመዱ ከዚያ ከፍታ በላይም ይቀጥላል፣ ጫፉ ላይም ከባድ ነገር ይታሰራል። የላይኛው ክፍል ወደ ውጭ ይጎትታል፤ ሁለቱ ሲጓተቱ ገመዱ ተወጥሮ ይቀራል። የጃፓኑ የግንባታ ኩባንያ ኦባያሺ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረገው እቅድ የገመዱ ርዝመት 96,000 ኪሎ ሜትር ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። 400 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚበርበት ከፍታ፣ ሊፍቱ ቢቆም ተሳፋሪው አይንሳፈፍም። መሬት ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ ሚዛን ላይ ቢወጣ 53 ኪሎ ገደማ ያነባል። በሩን ከፍቶ ቢወጣ ደግሞ ቁልቁል ነው። የጣቢያው ሰዎች የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ አይደለም። በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር እየከነፉ ምድርን እየዞሩ ስለሚወድቁ ነው። የሊፍቱ ተሳፋሪ ክብደቱ ጨርሶ የሚጠፋው ሳተላይቶቹ ያሉበት 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። በኦባያሺ እቅድ መሠረት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ፣ እዚያ ለመድረስ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል።

ታዲያ ምን ያዘው? ገመዱ። ብረት በቀጥታ ወደ ታች ቢንጠለጠል፣ ምንም ሳይጫንበት፣ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ላይ በራሱ ክብደት ይበጠሳል። ጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ኬቭላር የተሻለ ነው፤ እሱም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነው አቅሙ። ለዚህ ሥራ ግን ሺህ ኪሎ ሜትሮችን የሚችል ክር ያስፈልጋል። ተስፋ የተጣለው የካርቦን ናኖቲዩብ ላይ ነው። እርሳስ ውስጥ ያለው ካርቦን ከፀጉር በሺዎች እጥፍ ቀጭን ሆኖ እንደ ቱቦ ሲጠቀለል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ስለ ቱቦዎቹ ባወጣው ጽሑፍ የዓለምን ትኩረት ሳበ። አንዷ ቱቦ ለብቻዋ ብርቱ ናት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይና ተመራማሪዎች አስረዘምን ብለው ያሳወቁት ግማሽ ሜትር ገደማ ነበር። ብዙዎቹን አንድ ላይ ሲፈትሏቸው ደግሞ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ጥንካሬያቸውም በብዙ እጥፍ ይወርዳል።

ክሩ ቢገኝ እንኳ መብረቅ አለ፣ የጠፈር ቆሻሻ አለ። ዝቅ ብሎ የሚዞር ሳተላይትና ስብርባሪ ሁሉ የምድር ወገብን ማቋረጡ አይቀርም፤ አንድ ቀን ገመዱ ላይ ይመጣል። ሀዋሳ ላይ ይተከል ለሚሉ ወዳጆቼ ደግሞ፦ የምድር ወገብ ከእኛ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ደቡብ፣ ኬንያ ውስጥ ነው። ከወገቡ ራቅ ብሎ መትከል ይቻላል፤ ግን ገመዱ ወደዚያው ያዘነብላል፣ ጭነቱም ይከብዳል። የክረምቱን መብረቃችንን ሳንቆጥር ነው ይህ። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ማዕበልና መብረቅ የሚያንስበትን የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል ነው።

ኦባያሺ ሊፍቱ እ.ኤ.አ. በ2050 ሥራ ይጀምራል ብሎ ነበር። እኔ አይመስለኝም። ግማሽ ሜትር ክር ይዞ 96,000 ኪሎ ሜትር በዚህ ጊዜ ውስጥ መድረስ ከምኞት አያልፍም። ጨረቃ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስበቷ የምድርን አንድ ስድስተኛ ስለሆነ እንደ ኬቭላር ያለው ክር ራሱ ሊበቃ ይችላል። አየር ስለሌላት መብረቅም ማዕበልም የለም። ፒርሰንም ይህን አስልቶበታል። እዚያ ያለው ጥያቄ ሊፍቱ ምን ይጭናል የሚለው ነው፤ ለጊዜው ከአፈርና ከድንጋይ ሌላ የሚጫን የለም።