የዲስክ መንሸራተት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው የሰው የወገብ ኤምአርአይ ሪፖርት ይዞ ለተከታዮቹ ሲያነብ ሰማሁት። «ኤምአርአይ አይዋሽም! ሦስት ዲስክ ተንሸራቷል፤ ህመሙ ከዚህ ነው» ይላል። ትዕግሥቴ አለቀ። በመንግሥት ሆስፒታል የራዲዮሎጂ ስፔሻሊስት ነኝ። እንዲህ ያለውን ሪፖርት ስጽፍና ስፈርም ነው የምውለው። ሪፖርቱ ላይ ያለው ሌላ፣ እሱ ያነበበው ሌላ።

ኤምአርአይ አይዋሽም፣ እሺ። ህመም ግን ፊልም ላይ አይታይም።

ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ እንደ ትራስ የሆነ ክፍል ነው። ከላይም ከታችም ከአከርካሪ አጥንቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተንሸራቶ የሚሄድበት የለውም። የሚሆነው ጠርዙ መስፋት ወይም ውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል መውጣት ነው። ጠርዙ ከዙሪያው ከሩብ በላይ ሰፍቶ ከታየ «በልጅ» እንላለን። ይህ እንደ መውጣት እንኳን አይቆጠርም። ከሩብ ባነሰ ቦታ ብቻ ወጥቶ መሠረቱ ሰፊ ከሆነ «ፕሮትሩዥን» ነው። የወጣው ክፍል ከመሠረቱ ከሰፋ ደግሞ «ኤክስትሩዥን»። የአሜሪካ የአከርካሪና የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 እ.ኤ.አ. በጋራ ያሻሻሉት አጠራር ይኸው ነው። እኛ ሦስቱን ለያይተን እንጽፋለን፤ በር ላይ ሲደርስ ሁሉም «ተንሸራቷል» ይሆናል።

በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሱ። 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ በልጅ ነበራቸው፣ 27 በመቶዎቹ ፕሮትሩዥን። ሁሉም የወገብ ዲስኮቻቸው ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚህ ጤነኞች ናቸው እንግዲህ! ያ ሰውዬ የእነሱን ሪፖርት ቢያገኝ ግማሾቹን አልጋ ያስይዛቸው ነበር።

የጭቃ ቤት አስቡ። ልስኑ በየዓመቱ ይሰነጠቃል። ክረምት ገባና አንዱ ጥግ ማፍሰስ ጀመረ። ፎቶ አንሺ ጠራችሁ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን አነሳላችሁ። ፎቶው ላይ ስድስት ስንጥቅ ታየ። ፎቶው አልዋሸም። ግን አምስቱ አምናም ነበሩ፣ ያኔ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ፎቶ አንሺው የቱ ጥግ እንደሚያፈስ ካልተነገረው ስድስቱንም ይዘረዝራል፤ እናንተም ስድስቱንም ለማስለሰን ብድር ትገባላችሁ። ውሃው ደግሞ ከጣሪያ ሊሆን ይችላል።

ፎቶ አንሺው እኔ ነኝ። ለእኔ በሚላከው መጠየቂያ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለው «የወገብ ህመም» የሚል ብቻ ነው። የቱ እግር? እስከ የት ይወርዳል? የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሳት ይችላል? ምንም የለም። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ወደ ቀኝ ወጥቶ አምስተኛውን ነርቭ ከተጫነ፣ ህመሙ በቀኝ ቂጥና በጭን ጎን አድርጎ እስከ እግር ጫፍ ይወርዳል፤ አውራ ጣቱም ሊደክም ይችላል። ፊልሙና እግሩ ሲስማሙ ነው «ህመሙ ከዚህ ነው» የሚባለው።

አንዲት እናት ሌላ ቦታ የተነበበ ፊልማቸውን በፌስታል ይዘው ማንበቢያ ክፍላችን ድረስ መጡ። ሪፖርቱ በግራ በኩል ፕሮትሩዥን አለ ይላል።

«እማማ፣ የሚያምዎት የቱ እግር ነው?»

«ቀኙ ነው ልጄ። ግራውማ ምን ሆኖ!»

ለኦፕራሲዮን ገንዘብ እያሰባሰቡ ነበር። ዳሌያቸው ራጅ ሲነሳ የቀኙ መገጣጠሚያ አልቋል።

የጭቃ ቤቱ ነገር አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ግድግዳ ራሱን አይጠግንም። ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ ይጠግናል። እንዲያውም ተልቆ የወጣው ኤክስትሩዥን ከትንሹ በልጅ ይልቅ በወራት ውስጥ የመሟሸሽ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ያጸዳዋል። አደገኛ ምልክት ከሌለ ስድስት ሳምንት ያህል ኤምአርአይ ሳይነሱ መታከም የሚመከረውም ብዙው ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለሚሻለው ነው። «ዲስኩን በእጄ መልሼ አስገባዋለሁ» የሚሉት ሰዎች ምስጋና የሚሰበስቡት በዚሁ ጊዜ ላይ ነው።

ቢሳሳቱና ገንዘብ ብቻ ቢወስዱ ዝም ባልኩ። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢ ደግሞ አከርካሪ ላይም ይወጣል። ከሳምንት ሳምንት የሚብስ፣ ተኝተው እንኳን የማይለቅ ህመም፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት ካለ ዲስክ ነው ብሎ መታሸት አያዋጣም። የተበላ አጥንት ላይ የወጌሻ ጉልበት ሲያርፍ ህብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ አካባቢ ራጁ ደህና ሊመስል ስለሚችልም «ራጅ ተነስቼ ነጻ ነኝ» ማለት አያስተማምንም። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ብሩሴላ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም አለ፤ እሱም አከርካሪ ላይ ይወጣል።

ማንም ባይጠይቀኝም ሪፖርቱ ላይ ስለሚጻፈው የአከርካሪ ቁጥር አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ሰው የወገብ አከርካሪው በአምስት ፋንታ አራት ወይም ስድስት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ አንዱ ሪፖርት «አራትና አምስት»፣ ሌላው «አምስትና አንድ» (አምስተኛው የወገብና ከሱ በታች ያለው የመጀመሪያው አጥንት) ቢል የግድ ሁለት የተለያየ ዲስክ ነው ማለት አይደለም። ኦፕራሲዮን ካለ ግን የአቆጣጠሩ ልዩነት አስቀድሞ መጥራት አለበት። ኤምአርአይ የሚነሳው ተኝቶ መሆኑም አይረሳ፤ ቆሞ ብቻ የሚያመው ሰው ፊልሙ ላይ ቀለል ብሎ ሊታይ ይችላል።

ኤምአርአይ ሳይነሱ የመቆየቱ ያ ስድስት ሳምንት ለሁሉም አይሠራም። ሽንት ያቆመ ወይም ያመለጠው፣ ብልቱና መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ ሁለቱም እግሮቹ የከዱት ሰው በዚያው ቀን ኤምአርአይ ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ላይ «አስቸኳይ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ከሌሎቹ «አስቸኳይ»ዎች ጋር ይሰለፋል፣ ሁሉም እንደዚያ ተብሎ ነውና የሚላከው። «ከትናንት ጀምሮ ሽንት አልወጣለትም» ተብሎ ቢጻፍልን ግን ከወረፋው አውጥተን እናስቀድመዋለን።