በአነስተኛ የከርሰ ምድር ውሃ ተቋማት ዙሪያ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ሰዎችን የሚያጠጣ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ጉድጓድ ውሃ ስቦ በማጠራቀሚያ ታንከርና በአጭር የቧንቧ መስመር የሚያከፋፍል ተቋም ብዙውን ጊዜ በአንድ ኦፕሬተር ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። ያው ሰው ፓምፕ ያስነሳል፣ ክሎሪን ይበጠብጣል፣ የፈነዳ መስመር ይጠግናል፣ መዝገብም ይሞላል። እንዲህ ባለ ተቋም ውስጥ የተሳሳተ እምነት በቶሎ የሚያርም ሌላ ዓይን ስለማያገኝ፣ ከታች የተነሡት አመለካከቶች በትልልቅ ከተሞች ከሚያደርሱት የባሰ ጉዳት ያስከትላሉ።

«ውሃው ከመሬት ውስጥ ስለሚወጣ በተፈጥሮው የተጣራ ነው።»

ደቃቅ አሸዋና ሸክላ አፈር ውሃውን ቀስ አድርገው ስለሚያሳልፉት ብዙ ተዋህስያንን ያስቀራሉ፤ እምነቱ የተነሣውም ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ በጠጠር፣ በተሰነጣጠቀ ዓለትና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ውሃ በፍጥነት ስለሚጓዝ የማጣራቱ ዕድል እጅግ ይቀንሳል። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ሃቭሎክ ኖርዝ በተባለች ከተማ ከባድ ዝናብ ከወረደ በኋላ በበግ ፋንድያ የተበከለ ውሃ ወደ ከርሰ ምድሩ ዘልቆ ገባ። የጉድጓዶቹ ውሃ አስተማማኝ ነው ተብሎ ያለ ክሎሪን ይከፋፈል ስለነበር፣ 14,000 ያህል ነዋሪ ካላት ከተማ ከ5,000 በላይ ሰዎች ካምፒሎባክተር በተባለ ባክቴሪያ ታመሙ። ጥልቀትም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በጉድጓዱ ቧንቧና በዙሪያው ባለው አፈር መካከል ያለው ክፍተት በሚገባ ካልታሸገ፣ የጎርፍ ውሃ ቧንቧውን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል።

«ጥርት ያለ፣ ሽታና ጣዕም የሌለው ውሃ ጉዳት የለውም።»

አርሰኒክ፣ ፍሎራይድና ናይትሬት የተባሉት ኬሚካሎች ለጤና በሚያሰጋ መጠን ሲገኙ እንኳ የውሃውን መልክ አይለውጡም። ለዚህ የባንግላዴሽ ታሪክ እጅግ አሳዛኝ ማስረጃ ነው፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝቡን ከተበከለ የኩሬና የወንዝ ውሃ ለማላቀቅ በብዛት የተቆፈሩት ጉድጓዶች የተቅማጥ በሽታን ለመከላከል የታሰቡ ቢሆኑም፣ በ1993 እ.ኤ.አ. በውሃው ውስጥ አርሰኒክ መኖሩ ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ለአርሰኒክ ያስቀመጠው ጣሪያ 0.01 ሚሊግራም፣ ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ከፍሎራይዱ ጣሪያ በላይ ናቸው። በአንጻሩ ብረት የበዛበት ውሃ ልብስ ያቀላል፣ ጣዕሙም ደስ አይልም፤ ነገር ግን ዘወትር በሚገኝበት መጠን ለጤና ብዙም አያሰጋም። ተጠቃሚዎች የቀላውን ጉድጓድ ትተው ወዳልተመረመረው ጥርት ያለ ጉድጓድ መሄዳቸው ስለዚህ አደገኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

«ማፍላት ሁሉንም ያስተካክላል።»

ማፍላት ተዋህስያንን ይገድላል፤ ኬሚካል ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ናይትሬት ወይም ፍሎራይድ ይጠነክራል። በጡጦ ወተት የሚመገቡ ሕፃናት በናይትሬት ምክንያት ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያጣ ስለሚችል፣ መጠኑ በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ የሆነ ውሃ ለእነርሱ ተፈልቶም ቢሆን መሰጠት የለበትም።

«ክሎሪን ጨምረናልና ተጠብቀናል።»

ቁም ነገሩ በታንከሩ የተጨመረው ሳይሆን ከሥራው ተርፎ በቧንቧው ጫፍ የሚገኘው ቀሪ ክሎሪን ነው። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ወይም ብረት ካለበት ክሎሪኑ ተዋህስያኑ ጋር ሳይደርስ ያልቃል። ውሃው ከክሎሪኑ ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያም በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ያህል ነጻ (ገና ተዋህስያንን የመግደል አቅም ያለው) ክሎሪን መትረፍ አለበት፤ በመጨረሻው ቧንቧ ላይም ከ0.2 በታች መውረድ የለበትም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከመስመሩ መጨረሻ የተቀዳ ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ተደርጎ ዲፒዲ የተባለው የክሎሪን መለኪያ ክኒን ይጨመርበታል፤ ውሃው ወደ ሮዝ ሲለወጥ ቀለሙ ከመለኪያው ጋር ይነጻጸራል። ምንም ሮዝነት ካልታየ፣ ጠዋት የተጨመረው ዱቄት የቱንም ያህል ይሁን፣ እዚያ ያለው ተጠቃሚ ጥበቃ የለውም። ክሎሪን በመጋዘን ሲቆይ ኃይሉን እንደሚያጣም መዘንጋት አይገባም፤ ፈሳሹ ከዱቄቱ ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተዋህስ ደግሞ ክሎሪንን ስለሚቋቋም፣ የገጸ ምድር ውሃ የሚደርስባቸው ጉድጓዶች ማጣሪያ ወይም የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

«የላቦራቶሪ ውጤቱ ንጹሕ ስለሆነ ሥራው ተጠናቋል።»

በ100 ሚሊሊትር ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ ወይም በፋንድያ መበከሉን የሚጠቁመው ባክቴሪያ) አለመገኘቱ የሚናገረው ናሙናው ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው። ብክለት የሚገባው ግን ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ መስመሩ ግፊት ሲያጣ ወይም ጥገና ሲደረግ ነው። በእኔ እምነት ጉድጓዱን ዞሮ ማየት ከብዙ ናሙና ይበልጣል። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ተሰንጥቋል? የፓምፑ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ታሽጓል? የአየር መተንፈሻው ወንፊት አለው? ውሃ የሚያቁር ጉድባ፣ መጸዳጃ ወይም የከብት ማደሪያ በአቅራቢያው አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ችግሩን ሰው ከመታመሙ በፊት ያሳያል።

«መዝገብ የሚሞላው ለተቆጣጣሪ ነው።»

በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. በካናዳ ዎከርተን ከተማ የከብት ፍግ ያለበት ጎርፍ ወደ አንድ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ገብቶ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,300 በላይ ታመሙ። በኋላ የተካሄደው ይፋዊ ምርመራ እንዳረጋገጠው ኦፕሬተሮቹ በቂ ክሎሪን አይጨምሩም ነበር፤ በአብዛኞቹ ቀናትም ቀሪ ክሎሪኑን ሳይለኩ 0.5 ወይም 0.75 እያሉ ይጽፉ ነበር። በየቀኑ ቢለኩ ኖሮ ክሎሪኑ ማለቁን ወዲያው ያዩት ነበር። ሳይለዋወጥ ለወራት የሚደጋገም ቁጥር ያለበት መዝገብ ተቆጣጣሪውንም ተቋሙን የሚመራውን የውሃ ኮሚቴም ሊያሳስብ ይገባል፤ ውሃ እንዲህ አይረጋምና። ዜሮ ያነበበ ኦፕሬተር ዜሮ ብሎ ሲጽፍ እንደ ጥፋተኛ የሚቆጠር ከሆነ ሌላ ቁጥር መጻፍ ይጀምራል፤ ስለዚህ ኃላፊዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምን ያስፈልግሃል?» ሊሆን ይገባል። ኢ. ኮላይ ሲገኝም ድጋሚ ናሙናው እስኪመለስ ሳይጠበቅ ተጠቃሚዎች ውሃውን አፍልተው እንዲጠጡ በዚያው ቀን ይነገራቸዋል፤ ክሎሪኑ ይስተካከላል፣ መስመሩ ይታጠባል፣ ብክለቱ የገባበት ቀዳዳም ይፈለጋል።