ስሌት ስለተቀነሰ ምስል አይበላሽም

በየዓመቱ ስለ ባለብዙ ካሜራ ቪዲዮ እመቃ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳርም አንድ ዓረፍተ ነገር አላጣም፦ «የኢንኮደሩን ስሌት መቀነስ የምስሉን ጥራት መሠዋት ነው።» ኢንኮደር ማለት ቪዲዮን አምቆ የሚያሳንስ ፕሮግራም ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስሰርዝ ስንት ቀይ እስክሪብቶ እንደጨረስኩ አላውቅም።

ስምንት ካሜራዎች ጎን ለጎን ቆመው አንድ ትዕይንት ይቀርጻሉ እንበል። ኢንኮደሩ እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ከቪዲዮው አንዱን ምስል፣ ወደ ትናንሽ ካሬዎች ይቆራርጥና ለየካሬው አምሳያ ይፈልጋል፤ ከራሱ ካሜራ ሌሎች ፍሬሞች፣ ከዚያም ከጎረቤት ካሜራ። ፍለጋው በየአቅጣጫው 96 ፒክስል ቢሄድ፣ በአንድ ፍሬም ውስጥ ለአንድ ካሬ ብቻ 193 በ193፣ ማለትም 37,249 ቦታ ይመረመራል። ካሜራዎቹ በአንድ መስመር ትይዩ ከተተከሉ ግን፣ አንድ ዕቃ ከካሜራ ካሜራ ሲታይ የሚንሸራተተው ወደ ጎን ነው። ታዲያ ላይና ታች ምን ይፈለጋል? ለተከላ ጉድለት 8 ፒክስል እንተውለት፤ 3,281 ቦታ ይቀራል። ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሆነውን ጣልን፤ የጣልነውም መልሱ የማይገኝበትን ነው።

አንድ ተማሪዬ «ቦልሩም» የተባለውን የዳንሰኞች መፈተኛ ቪዲዮ በሙሉ ፍለጋ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል፣ ሲያምቅ ኮምፒውተሩ ሦስት ሌሊት አላረፈም። በአራተኛው ቀን በጎረቤት ካሜራ ላይ የሚደረገውን የቁመት ፍለጋ አስጠበብኩት። ያልተለወጠ ካሬ ሲገኝም ሌሎቹን አማራጮች ሳይሞክር በስኪፕ (አምሳያውን እንዳለ ቀድቶ በመዝለል) እንዲያልፍ አደረግን። ሥራው ከምሳ በፊት አለቀ። ሁለቱን ምስሎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ «የትኛው ነው የተበላሸው?» አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ጭፍን ቅነሳ ይጎዳል፤ ይህን አልክድም። «ብሬክዳንሰርስ» የተባለው ሌላ መፈተኛ ቪዲዮ ካሜራዎቹ በቅስት የቆሙ ስለሆነ ያው ብልሃት እንዳለ አይሠራለትም። የካሜራውን አቀማመጥ ሳያዩ ፍለጋን ማጥበብ ስንፍና ነው።

ሌሎችም ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ።

«ስምንት ካሜራ፣ ስምንት እጥፍ ሥራ።» ይበልጣል፤ የጎረቤት ፍለጋው ይጨመርበታል።

«ዲኮደሩም እኩል ይደክማል።» አይደክምም። ዲኮደር፣ ማለትም የታመቀውን ቪዲዮ መልሶ የሚፈታው፣ ፍለጋ አያካሂድም፤ አምሳያው የት እንዳለ ተጽፎ ይደርሰዋል።

«ከጎረቤት ካሜራ መተንበይ ሁልጊዜ ያዋጣል።» የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ከሆነ የራሱ ያለፈው ፍሬም ይበቃዋል።

«ፈጣን ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ ይቀራል።» ኮምፒውተሩ ሲፈጥን የእመቃ ደረጃውም (ስታንዳርዱ) አማራጭ ያበዛል። በ2009 እ.ኤ.አ. አካባቢ በነበረው ኤምቪሲ በተባለው የባለብዙ ካሜራ ቪዲዮ ደረጃ ትልቁ ካሬ 16 በ16 ፒክስል ነበር፤ በ2014 በወጣው ተከታዩ ደረጃ፣ ኤምቪ-ኤችኢቪሲ፣ 64 በ64 ሆነ፤ ያንን በስንት መንገድ መቆራረጥ እንደሚቻል ራሳችሁ ቁጠሩ።

ስለዚህ የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ «ጊዜ በዚህን ያህል ቀነስኩ» ብላችሁ ብቻ አትምጡ። የቢት መጠኑን (የታመቀው ቪዲዮ የሚወስደውን ዳታ) ለውጥና የምስሉን ጥራት በዚያው ሰንጠረዥ አስቀምጡ። አለበለዚያ ገጹን አልገልጠውም።